ጊዜያዊ ከለላ ሲነሣ፤ የተመላሹ ወገን ጉዳይና የእኛ ኃላፊነት

(በመካነ ሰላም ከተማ ለወረዳ መሥሪያ ቤቶች ኃላፊዎችና ለዕርዳታ ድርጅቶች ሠራተኞች የተደረገ ንግግር)



በዛሬው ዕለት እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ በውጭ አገር ለሚገኙ ወገኖቻችን በሰብአዊነት ምክንያት የተሰጠውንና በኋላም እንዲነሣ የተወሰነበትን ጊዜያዊ ከለላ የሚመለከት ነው። ርእሱን ስትሰሙ፣ «ይህ ነገር ለቦረና፣ ለወግዲ፣ ለሣይንት፣ ለከላላ ምኑ ነው?» የሚል ጥያቄ በብዙዎቻችሁ ልቡና ሊመላለስ እንደሚችል እገምታለሁ። ጥያቄውም ተገቢ ነው። ከዚህ ደጋ ተነሥቶ አሜሪካ የገባው ሰው በባሕር ተሻግሮ ወደ ዓረብ አገር ከሄደው ጋር ሲነጻጸር እጅግ ጥቂት ነው።

ይሁን እንጂ ጉዳዩ በሁለት መንገድ ከእኛ ደጅ ይደርሳል። አንደኛው፣ ከየትኛውም አገር ተገፍቶ የመጣ ሰው በአውሮፕላን ይምጣ በእግሩ የመጨረሻ ተቀባዩ ቤተሰቡና ቀበሌው መሆኑ ነው። ሁለተኛው ደግሞ ብዙም የማይታሰብ ነው። በሩቅ አገር «የኢትዮጵያ ሁኔታ ተሻሽሏልና ወደ አገራችሁ ግቡ» የሚል ውሳኔ ሲሰጥ፣ ውሳኔው የሚቆመው ስለ አገራችን ሁኔታ በተጻፈ ቃል ላይ ነው። ያ ቃል ከየት ይነሣል ቢሉ፣ ከቀበሌ ወደ ወረዳ፣ ከወረዳ ወደ ዞን፣ ከዞን ወደ ክልልና ወደ አዲስ አበባ ከሚወጣው ሪፖርትም ይነሣል። እኔ የማስታወቂያ ሠራተኛ እንደ መሆኔ ሥራዬ ቃል ነው፤ ስለዚህም በዚህ በሁለተኛው ላይ ጥቂት ለመቆየት ፈቃዳችሁን እጠይቃለሁ።

ጊዜያዊ ከለላ ምን እንደ ሆነ

አንድ ሰው ከአገሩ ውጭ ሳለ በአገሩ ጦርነት ቢነሣ፣ ረሀብ ቢገባ፣ ወረርሽኝ ቢደርስ፣ የሚገኝበት አገር መንግሥት «ለጊዜው አትመለስ፤ ሠርተህ እደር» ብሎ የሚሰጠው ፈቃድ ጊዜያዊ ከለላ ይባላል። ከጥገኝነት ይለያል። ጥገኝነት እያንዳንዱ ሰው በየግሉ የሚደርስበትን አደጋ አስረድቶ የሚያገኘው መብት ነው። ጊዜያዊ ከለላ ግን የአንድን አገር ተወላጆች በአንድነት የሚመለከት፣ የቀን ገደብ የተቈረጠለት፣ ገደቡ ሲደርስ የሚታደስ ወይም የሚነሣ ፈቃድ ነው። ለሥራ ፈቃድ ያበቃል፤ ከመባረር ይጠብቃል፤ የቋሚ ነዋሪነት መብት ግን አይሰጥም።

በአሜሪካ ይህ ሥርዓት በሕግ የቆመው በኅዳር 1983 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1990) ነው። ሕጉ ሦስት ምክንያቶችን ይዘረዝራል። የመጀመሪያው የጦር መሣሪያ ግጭት ነው። ሁለተኛው የተፈጥሮ አደጋ ሲሆን፣ በዚህ ውስጥ የመሬት መንቀጥቀጥ፣ ጎርፍ፣ ወረርሽኝና ድርቅ በየስማቸው ተጠቅሰዋል። ሦስተኛው ሰዎች በደኅና እንዳይመለሱ የሚያግድ ልዩና ጊዜያዊ ሁኔታ ነው። በሁለተኛው ምክንያት ከለላ እንዲሰጥ፣ አገሩ ተወላጆቹን በአግባቡ መልሶ ለመቀበል ለጊዜው የማይችል መሆኑ መታወቅና የአገሩ መንግሥት ራሱ ጥያቄ ማቅረብ አለበት። «በአግባቡ መልሶ መቀበል» የሚለውን ሐረግ በልባችሁ ያዙልኝ፤ ወደ በኋላ እመለስበታለሁ።

ለኢትዮጵያውያን ይህ ከለላ የተሰጠው በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ነበር። የአሜሪካ የአገር ውስጥ ደኅንነት መሥሪያ ቤት በሰሜኑ የአገራችን ክፍል የነበረውን ጦርነትና የሰብአዊ ችግሩን መባባስ፣ ማለትም የምግብ እጥረትን፣ ድርቅን፣ ጎርፍንና የሕዝብ መፈናቀልን ምክንያት አድርጎ ለ18 ወራት ፈቀደ። ፈቃዱ ከታኅሣሥ 3 ቀን 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ጸና። በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. ተራዝሞ እስከ ታኅሣሥ 3 ቀን 2018 ዓ.ም. እንዲቆይ ሲደረግ፣ እስከ ሚያዝያ 3 ቀን 2016 ዓ.ም. ድረስ በዚያ አገር ይኖሩ የነበሩ ሌሎች ኢትዮጵያውያንም እንዲመዘገቡ ተፈቅዶ ነበር።

ገደቡ ሲደርስ፣ በታኅሣሥ 2018 ዓ.ም.፣ ከለላው የማይታደስ መሆኑ ተገለጸ፤ የስድሳ ቀን ጊዜ ተሰጥቶም ከየካቲት 6 ቀን 2018 ዓ.ም. ጀምሮ እንዲያበቃ ተወሰነ። ውሳኔው የሚመለከታቸው ኢትዮጵያውያን አምስት ሺህ ያህል ነበሩ። ከተጠቀሱት ምክንያቶች አንዱ በጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ የተፈረመው የሰላም ስምምነት ነው። ውሳኔው በኢትዮጵያ ብቻ የተወሰነ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2025 የዚያው አገር መንግሥት ለቬኔዝዌላ፣ ለሄይቲ፣ ለአፍጋኒስታን፣ ለካሜሩን፣ ለኔፓል፣ ለሆንዱራስና ለጎረቤታችን ለደቡብ ሱዳን ተወላጆች የሰጠውንም ከለላ እንደሚያነሣ አስታውቋል። የኢትዮጵያውያኑ ጉዳይ ወደ ፍርድ ቤት ተወስዶ ክርክር ተነሥቶበታል። የክርክሩ ፍጻሜ ወደየትም ቢያደላ፣ እኛ ልናስብበት የሚገባው ነገር አይለወጥም።

ነገሩ አዲስ አይደለም

ይህ በእኛ ወገኖች ላይ ሲደርስ የመጀመሪያው አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1977፣ ማለት በ1969 ዓ.ም.፣ በአገራችን ደም መፋሰስ በበረታበት ወቅት፣ የአሜሪካ መንግሥት በዚያ የሚገኙ ኢትዮጵያውያንን ወደ አገራቸው እንዳይመልስ የጊዜ ማራዘሚያ ሰጥቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1981 የአገሪቱ ሁኔታ ተለውጧል ተብሎ ማራዘሚያው እንዲያበቃ ተወሰነ። ብዙ አቤቱታ ከቀረበ በኋላ በተከታዩ ዓመት፣ እ.ኤ.አ. ከሰኔ 30 ቀን 1980 በፊት ለገቡት ብቻ ተመለሰላቸው። ከእነዚህ መካከል ብዙዎቹ በቋሚነት ለመኖር የሚችሉበት ሕግ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1987 ነበር። ስለዚህ «ጊዜያዊ» የተባለው ነገር አሥር ዓመት ቆየ ማለት ነው። «ሁኔታው ተለውጧል» ከተባለ ከሦስት ዓመት በኋላ ደግሞ የ1977ቱ ረሀብ ወሎንና ትግራይን ፈጀ። አገር ጋብ ማለቱና አገር መዳኑ ልዩ ልዩ መሆናቸውን ይህ በቂ ሆኖ ያስረዳል።

ከለላ ማንሣት ሁልጊዜ በደል ነው ለማለት እንዳልሆነ ግን ይታወቅልኝ። ለጊዜው የተሰጠ ነገር ጊዜው ሲያልፍ መነሣቱ የሚጠበቅ ነው፤ ተቀባዩ አገርም ይህን የመወሰን መብት አለው። የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽን ከ1983 ዓ.ም. በፊት የነበረውን መንግሥት ፈርተው የወጡ ኢትዮጵያውያን ከየካቲት 22 ቀን 1992 ዓ.ም. ጀምሮ በስደተኛነት እንደማይቆጠሩ ወስኖ ነበር። አብዛኞቹ የሚገኙት በሱዳን ነበር። በዚያን ጊዜ ግን ውሳኔው ከመጽናቱ በፊት ወራት የቆየ ማስታወቂያ ተሰጥቷል፤ ለመመለስ የፈለገ በተደራጀ ጉዞ እንዲመለስ ሆኗል፤ «እኔ አሁንም የምፈራው ነገር አለኝ» ያለ ሰው ጉዳዩ በግሉ እንዲመረመርለት በር ተከፍቶለታል። የስደት ምክንያቱ የነበረው መንግሥትም ከወደቀ ዘጠኝ ዓመት ገደማ አልፎት ነበር። በሁለቱ አሠራሮች መካከል ያለው ልዩነት ይህ ነው። በአንደኛው የቀኑ መቈረጥ የመጣው መንገዱ ከተጠረገ በኋላ ነው፤ በሌላው ግን ቀኑ ቀደመ፤ መንገዱንም እያንዳንዱ ሰው በየራሱ እንዲፈልግ ተተወ።

ዝናብና ጎተራ

አሁን «በአግባቡ መልሶ መቀበል» ወዳልሁት ልመለስ። ይህን ሐረግ በዋሽንግተን የሚያነብ ሰው ምናልባት የአውሮፕላን ማረፊያና የጸጥታ ሁኔታ ይታየው ይሆናል። በእኛ አገር ግን ነገሩ ከእርሻ ወቅት ጋር የተሳሰረ ነው።

ከለላው የሚያበቃበት ቀን የካቲት 6 እንዲሆን ተቈርጦ ነበር። በየካቲት የሚመጣ ሰው በመካነ ሰላም ዙሪያ ምን ያገኛል? የመኸሩ እህል ተወቅቶ ጎተራ ገብቷል፤ የተከፈለውም ተከፍሏል፤ የተሸጠውም ተሸጧል። በደጋው፣ ወደ ለጋምቦ በኩል፣ የበልግ እርሻ የሚጀመርበት ጊዜ ነው። በልጉ ከቀና ገብሱ ክረምቱ መግቢያ ላይ ይደርሳል፤ ነገር ግን የወሎ በልግ ስንት ጊዜ እንደሚከዳ ከእናንተ የተሰወረ አይደለም። ወደ ዓባይና ወደ በሽሎ በሚወርደው ቆላ፣ በወይና ደጋውም፣ ዋናው ምርት የመኸር ስለ ሆነ፣ በየካቲት የመጣ ሰው በራሱ እጅ የዘራውን እህል የሚያየው ቢፈጥን በኅዳር ነው። ዘጠኝ ወር ማለት ነው። በእነዚህ ዘጠኝ ወራት የሚበላው ከወንድሙ ጎተራ ነው፤ የወንድሙ ጎተራ ደግሞ ለራሱ ቤተሰብ ከሰኔ የማያልፍ ሊሆን ይችላል።

ይህም በሬ ካለው ነው። በድርቅ ጊዜ ገበሬ አስቀድሞ የሚሸጠው በጉንና ፍየሉን፣ ቀጥሎ ላሙን፣ በመጨረሻ በሬውን ነው። በሬውን የሸጠ ሰው ዝናብ ሲመጣ ደስ ቢለውም የሚያርስበት የለውም። አንድ በሬ የቀረው ከጎረቤቱ ጋር ይቀናጃል፤ ምንም ያልቀረው መሬቱን በእኩል ይሰጥና የምርቱን ግማሽ ይቀበላል። ስለዚህ ሰማዩ ከታረቀ በኋላ ቤቱ ለመታረቅ ሁለትና ሦስት መኸር ያስፈልገዋል። «ዝናብ በመልካም ሁኔታ ዘንቧል» የሚለው የኛው ሪፖርት እውነት ሊሆን ይችላል፤ «ሕዝቡ አገግሟል» የሚለው ግን ከዚህ ተከትሎ የሚመጣ አይደለም።

ከለላው የተነሣባቸው ወገኖች አብዛኞቹ ገበሬዎች እንዳልሆኑ፣ ቢመለሱም አዲስ አበባ ወይም ደሴ ሊቀመጡ እንደሚችሉ አውቃለሁ። ቢሆንም ከእርሻው ጋር የሚያስተሳስራቸው ገመድ አለ። በቨርጂኒያ ወይም በሜሪላንድ በሹፍርና፣ በሆቴልና በአረጋውያን እንክብካቤ የሚሠራ አንድ ሰው የሚልከው ገንዘብ እዚህ የማዳበሪያ ዕዳ ይከፍላል፤ የሕፃናት ደብተር ይገዛል፤ የታመመ አባትን ደሴ ወስዶ ያሳክማል። የሥራ ፈቃዱ የተነሣ ዕለት ይህ ሁሉ ይቆማል። ሰውየው ገና ሳይመለስ ችግሩ አስቀድሞት ይገባል።

በዚህም ላይ ሌላ ነገር ተደርቧል። የአሜሪካ የምግብ ዕርዳታ በሰኔ 2015 ዓ.ም. እህል ወደማይገባው ቦታ ተዛውሯል በሚል ምክንያት በአገር አቀፍ ደረጃ ለወራት ተቋርጦ እንደ ነበር ታስታውሳላችሁ። የዚያው አገር የዕርዳታ ድርጅት ዩ.ኤስ.ኤይድ ደግሞ በሰኔ 24 ቀን 2017 ዓ.ም. ራሱን የቻለ መሥሪያ ቤት መሆኑ ቀረ፤ ይደግፋቸው ከነበሩት ሥራዎች ብዙዎቹ ታጠፉ። «ወደ አገራችሁ ግቡ» የሚለው ቃልና «ዕርዳታው ቀንሷል» የሚለው ቃል በአንድ ዓመት ውስጥ ከአንድ መንግሥት ወጡ ማለት ነው። ሁለቱን አንድ ላይ ደምረን መመልከት የእኛ ፈንታ ነው፤ ሁለቱም የሚገናኙት በአንድ ቀበሌ ውስጥ፣ ብዙ ጊዜም በአንድ ቤት ውስጥ ነውና።

ወሎ የሚያውቀው መመለስ

በመመለስ ረገድ ይህ አገር የሌለው ትምህርት የለም። በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. በተካሄደው የሰፈራ ዘመቻ ስድስት መቶ ሺህ ያህል ሰው ወደ ወለጋ፣ ኢሉባቦር፣ ከፋ፣ መተከልና ጋምቤላ ሲጓጓዝ ከሁሉ የሚበልጠው የወሎ ሰው ነበር። ወዶ የሄደ ነበር፤ ኮታ ለመሙላት ተይዞ የሄደም ነበር። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ ብዙው በእግሩም በመኪናም ተመለሰ። የተመለሰው ሰው መሬቱን ሌላ ሲያርሰው አገኘ፤ አራሹም በሕግ የተሰጠው ነበረና ከሁለቱ ጥፋተኛ የሚባል አልነበረም። የሰፈራው ዘመቻ ሲታቀድ ስለ መሄድ ብዙ ተጽፏል፤ ስለ መመለስ ግን የታሰበ አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ በኅዳር 2006 ዓ.ም. የሳዑዲ ዓረቢያ መንግሥት ፈቃድ የሌላቸውን የውጭ አገር ሰዎች ማባረር በጀመረ ጊዜ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያን ተመልሰዋል። በ2014 ዓ.ም. ደግሞ ከ100,000 በላይ ሰዎችን ለመመለስ በሁለቱ መንግሥታት መካከል ስምምነት ተደርጓል። ከእነዚህ ብዙዎቹ የደቡብ ወሎ ልጆች ናቸው። ከወለጋ የተፈናቀሉ የሰፋሪ ቤተሰቦችም፣ ከእነርሱ መካከል በዚያው ተወልደው ያደጉ ጭምር፣ ወደ አያቶቻቸው አገር መጥተው በጃሪና በሌሎች መጠለያዎች ዓመታት አሳልፈዋል። በክልላችን በ2015 ዓ.ም. የተነሣው ግጭት፣ በሐምሌ 28 ቀን የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ እስኪታወጅ ያደረሰው፣ መንገድንና ገበያን፣ ትምህርት ቤትንና ጤና ጣቢያን እንደ ጎዳ እዚህ ለተሰበሰበው ሰው መንገር አያሻም። የፕሪቶሪያው ስምምነት የተፈረመው ይህ ግጭት ከመነሣቱ ወራት አስቀድሞ ነው። እንግዲህ በ2018 ዓ.ም. «ግጭቱ ቆሟል» ለማለት በ2015 የተፈረመ ስምምነት ሲጠቀስ፣ ከዚያ በኋላ የሆነውን የሚናገር ቃል በሚዛኑ ላይ ሙሉ ክብደቱን አላገኘም ማለት ነው።

ቃላችን የሚደርስበት ቦታ

ይህን ሁሉ ያነሣሁት ወደ ራሳችን ሥራ ለመምጣት ነው። በመጋቢት 1976 ዓ.ም. የዚያን ጊዜው የዕርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን በሚሊዮን የሚቆጠር ሕዝብ ሊራብ እንደሚችል ለለጋሾች አስታውቆ ነበር። ቃሉ ተነገረ፤ ዓለም የሰማው ግን ከወራት በኋላ፣ የረሀቡ ፊልም በቴሌቪዥን ሲታይ ነው። የችግር ቃል ሩቅ ለመድረስ ብዙ ጊዜ ይወስዳል። «ተሻሽሏል» የሚለው ቃል ግን ሰሚ ለማግኘት አይቸገርም፤ ለላኪውም ለተቀባዩም የሚጥም ቃል ነውና።

እያንዳንዳችን ይህን ቃል ለምን እንደምንጽፍ እናውቃለን። ሥራ መሠራቱን ለማሳየት እንጽፈዋለን። ካለፈው ሩብ ዓመት የተሻለ ነገር ስላለ እንጽፈዋለን። ብዙ ጊዜም እውነት ነው፤ መንገዱ ተከፍቷል፣ ክትባቱ ደርሷል፣ የተረጂው ቁጥር ቀንሷል። ችግሩ ያለው «ከምን አንጻር፣ ለማን፣ እስከ መቼ» የሚለው ሳይጻፍ በቀረ ጊዜ ነው። የተረጂ ቁጥር ሕዝቡ ስላገገመ ሊቀንስ ይችላል፤ ኮታው ስለ ጠበበም ሊቀንስ ይችላል። በወረቀት ላይ ሁለቱም አንድ አኃዝ ናቸው። እኛ ስንጽፈው የምናስበው የሚቀጥለውን ወር የእህል ድልድል ነው፤ ሩቅ ያለው አንባቢ ግን በዚያው አኃዝ አንድ ሰው ሥራውን ይዞ ይቆይ ወይስ ይባረር ብሎ ሊወስንበት ይችላል።

በመሆኑም የሚከተሉትን ነጥቦች ለውይይት አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ በሪፖርቶቻችን ዝናብን፣ ምርትን፣ ጸጥታንና የቤተሰብን ማገገም በየራሳቸው እንጻፍ። በልግና መኸር ይለይ፤ ደጋ፣ ወይና ደጋና ቆላ ይለይ። «ተሻሽሏል» ስንል ምኑ፣ በየትኛው ቀበሌ፣ ከየትኛው ወር ወዲህ እንደ ሆነ እንግለጽ። ያልደረስንበትን ቀበሌ «ሰላም ነው» ብለን አንጻፍ፤ «መረጃ አልተሰበሰበም» ማለት የሚያስነቅፍ ነገር የለበትም።

ሁለተኛ፤ ተመላሾች በቀበሌ ደረጃ ለብቻቸው ይመዝገቡ። ከየት እንደ መጣ፣ መቼ እንደ መጣ፣ ስንት ቤተሰብ እንደ ያዘ ይበቃል። ለምን እንደ ሄደ፣ እዚያ ሳለም ምን ብሎ እንዳመለከተ መጠየቅ የመዝጋቢው ሥራ አይደለም። በአዲስ አበባ ከተማ በጳጉሜን 5 ቀን 1961 ዓ.ም. የተፈረመው የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የስደተኞች ስምምነት፣ ስደተኛ በፈቃዱ እንጂ በግዳጅ እንዳይመለስ፣ የተመለሰውም ስለ ተሰደደ እንዳይቀጣ፣ አገሩም የዜግነት መብቱን በሙሉ ሰጥቶ እንዲያቋቁመው ይደነግጋል። በጊዜያዊ ከለላ የነበረ ሰው በሕግ አነጋገር ስደተኛ ባይባልም፣ መንፈሱ ለእርሱም ይሠራል። ስምምነቱ የተፈረመው በእኛው ዋና ከተማ ነው፤ የትውልድ አገርን ግዴታ የሚናገረው አንቀጽም ዛሬ የሚናገረው ለእኛ ነው። ስም ዝርዝሩ ከሚመለከተው ክፍል እጅ እንዳይወጣ ብርቱ ጥንቃቄ ይደረግ። ሰው ስሙን ለመስጠት ከፈራ አይመዘገብም፤ ያልተመዘገበ ሰው ደግሞ እህልም መታወቂያም አያገኝም።

ሦስተኛ፤ ማስረጃ የሌለው ሰው እንዳይጉላላ ይሁን። ብዙው ተመላሽ የሚመጣው ከኤምባሲ በተሰጠ ሊሴ ፓሴ ነው፤ ያም ለአንድ ጉዞ ብቻ የሚያገለግል ወረቀት ነው። የቀበሌ መታወቂያና የፋይዳ ምዝገባ እስኪያገኝ ድረስ ባንክ አይከፍትለትም፤ ሥራም አይቀጠርም። በዚህ በኩል የቤተሰብና የቅሬ ዳኞች ምስክርነት እንዲበቃ ቢደረግ ሥራው ይቃለላል።

አራተኛ፤ የመሬት ነገር አስቀድሞ ይታሰብበት። በስሙ የይዞታ ደብተር ያለው ተመላሽ ሲመጣ መሬቱን በእኩል ወይም በኪራይ ያረሰው ገበሬ ዘሩን በዘራበት ዓመት በድንገት እንዳይነቀል፣ ተመላሹም ባዶ እጁን እንዳይቀር፣ ጉዳዩ በቀበሌው የመሬት ኮሚቴና በሽማግሌ ፊት ከምርት መሰብሰብ በኋላ እንዲታይ ይደረግ። በ1983 ዓ.ም. የታየው የወንድማማች ጠብ እንዳይደገም መድኃኒቱ ይህ ነው።

አምስተኛ፤ ተመላሹ የሌላውን ድርሻ እንዲበላ አይደረግ። ለአንድ ሰው በወር 15 ኪሎ እህል ተብሎ የተደለደለው ኮታ ቤተሰቡ አምስት ሆኖ ሳለ የተሠራ ነው። ስድስተኛና ሰባተኛ ሰው ሲጨመር በወረቀት ላይ የማይታይ ረሀብ ይፈጠራል። የሴፍቲኔትም ሆነ የአስቸኳይ ጊዜ ዕርዳታ ዝርዝር በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ መታየቱ ለእንዲህ ያለው ጊዜ አይበቃም። የዕርዳታ ድርጅቶች ተወካዮችም ለተመላሾች የሚሆን ተጠባባቂ ኮታ በዕቅዳቸው እንዲያስገቡ በአክብሮት አሳስባለሁ።

ስድስተኛ፤ ለቤተሰቦች እውነተኛውን ነገር በወቅቱ እንንገር። ከለላው ሊነሣ ነው የሚል ወሬ በተሰማ ቁጥር «ወረቀት አስተካክላለሁ» የሚል ደላላ ብቅ ማለቱ የታወቀ ነው። በገበያ ቀን፣ በየቤተ ክርስቲያኑና በየመስጊዱ ደጅ፣ የታወቀውን የታወቀ፣ በፍርድ ቤት ያለውን በፍርድ ቤት ያለ ብሎ መናገር ብዙ ቤተሰብን ከዕዳ ያድናል። ይህ በተለይ የእኔና የባልደረቦቼ ሥራ ስለ ሆነ፣ ከእናንተ ዘንድ የምንጠይቀው መረጃው ሳይዘገይ እንዲደርሰን ነው።

ክቡራትና ክቡራን፤

ከለላ መስጠትም ሆነ ማንሣት ከእኛ ሥልጣን ውጭ ነው። በሌላ አገር ፍርድ ቤት የሚደረገውን ክርክር ከዚህ ሆነን ልንመራው አንችልም። አገራችን ራሷ ከሱዳን፣ ከደቡብ ሱዳን፣ ከሶማሊያና ከኤርትራ የመጡ ብዙ መቶ ሺህ ሰዎችን አስጠልላ የኖረች እንደ መሆኗ፣ የተቀባይ አገርን ሸክምም ሳናውቀው የምንናገር አይደለንም። በእጃችን ያለው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው የምንጽፈው ሪፖርት ነው፤ ሁለተኛው የተመለሰውን ሰው የምንቀበልበት አኳኋን ነው። በሩቅ ያለ ባለሥልጣን «አገሩ መልሶ ለመቀበል ይችላል ወይ?» ብሎ ሲጠይቅ ትክክለኛውን መልስ ሊያውቅ የሚችለው የቀበሌው ሊቀ መንበር፣ የልማት ጣቢያ ሠራተኛው፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋና እህሉን የሚያከፋፍለው መጋዘን ጠባቂ ነው። ያ መልስ በሙሉነቱ ወደ ላይ ይወጣ ዘንድ ከሚቀጥለው የሩብ ዓመት ሪፖርት ጀምሮ የተመላሾች ሁኔታ ራሱን የቻለ ክፍል እንዲኖረው ሐሳብ አቀርባለሁ። ክፍሉ ምን ምን መያዝ እንዳለበት በዚህ ስብሰባ ተወያይተን ብንለያይ፣ የዛሬው ውሏችን ለሥራ የሚጠቅም ይሆናል።